ስሙ ያልተጠራው 77 ቁጥር

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፌርፋክስ አቬኑ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይገናኛል። አንዱ ነጠላውን እንዳጣፋ ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ነው፤ ሌላው ሰማያዊና ቢጫ ማሊያውን ለብሶ ቡናና ቴሌቪዥን ፍለጋ የመጣው። የአሜሪካን ፉትቦል የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ሎስ አንጀለስ ላይ የሚተላለፉት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ ያኔ ገና ቅዳሴ አልወጣም። ሁለተኛው ዙር ግን ከቀኑ 7 ሰዓት አልፎ ስለሚጀምር ሁለቱም ወገን ይደርስበታል።

«ዳኛው ያቺን ቢጫ ጨርቅ ለምን ጣላት?» አሉ ማኪያቶ የያዙት አዛውንት።

«ያዘው ጋሼ» አለ አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት። «77 ቁጥሩ የሚመጣበትን ሰውዬ በማሊያው ያዘው። አሥር ያርድ ወደ ኋላ ይመለሳሉ።»

«ሰባ ሰባት ቁጥር ደግሞ የቱ ነው? ሲጫወት አላየሁትም።»

«እሱ የሚታየው ሲያጠፋ ብቻ ነው።»

ወጣቱ ሳያስበው የአንድን ሙያ ሕግ ተናገረ። 77 ቁጥር የሎስ አንጀለስ ራምስ የግራ ክንፍ ታክል አላሪክ ጃክሰን ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ይሞላል፣ ክብደቱ ከ150 ኪሎ ያልፋል። ይህን የሚያህል ሰው ሰባ ሺህ ተመልካች ፊት ቆሞ አለመታየቱ ይገርማል። በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖችም እንዲሁ ናቸው) 32 ክለቦች አይተው ያለፉት ሰው መሆኑ ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት ስለ ሰፈሩ ትንሽ እንበል። ፌርፋክስ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ እስከ ዊትዎርዝ ድራይቭ ያለውን ክፍል የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመው። ምግብ ቤቱ፣ የሐበሻ ልብስ ሱቁ፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጠው ገበያ ሁሉ በዚህች አጭር መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ራምስ የሚጫወትበት የኢንግልውዱ ሶፋይ ስታዲየም ከዚህ ወደ ደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ክለቡ ወደዚያ የገባው በ2020 ሲሆን ከዚያ በፊት በኮሊሲየም ይጫወት ነበር፤ በ1984 ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ሶቪየት ኅብረትን ተከትላ ባትቀር ኖሮ አትሌቶቻችን የሚሮጡበት የነበረው ያው ኮሊሲየም። ራሱ ራምስም ለዚህ ከተማ እንደ ስደተኛ ነው። ከክሊቭላንድ በ1946 መጣ፣ በ1980 ወደ አናሃይም ወጣ፣ በ1995 ወደ ሴንት ሉዊስ ተሰደደ፣ በ2016 ተመለሰ።

ለብዙዎቹ የፌርፋክስ አባቶች ኳስ ማለት በእግር የሚመታው ነው። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያካሂደው ውድድርም ይኸው ኳስ ነው። ያኛውን ኳስ ቤት ያስገቡት እዚህ የተወለዱት ልጆች ናቸው። ከአካባቢያችን ሰው መካከል እስከ ላይኛው ሊግ የደረሰም አለ፦ ከሎስ አንጀለስ በስተ ምሥራቅ ባለችው ፎንታና የተወለደው የኤርትራ ተወላጅ ልጅ ናት በርሄ በ2014 በኒው ዮርክ ጃያንትስ በ5ኛው ዙር ተመርጧል። እሱ ግን ከኋላ የሚቆም ሯጭ ተከላካይ ነበር። የዛሬው ነገራችን ስለ ሯጮች አይደለም።

ድራፍት ማለት 32ቱ ክለቦች በየዓመቱ ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ከዩኒቨርሲቲ የወጡትን ተጫዋቾች ተራ በተራ የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ነው። ባለፈው ዓመት የደከመው ክለብ ቀድሞ ያነሣል። ሰባት ዙር አለው፣ ሦስት ቀን ይፈጃል። የሚነሣው ልጅ ክለቡን አይመርጥም፤ ከማያሚ የመጣ ልጅ ስሙን ግሪን ቤይ ከጠራው ብርዱን ለምዶ መኖር ግዴታው ነው። የመጀመሪያ ደመወዙም በተጠራበት ተራ ቁጥር አስቀድሞ የተቆረጠ ነው።

በ2021 ክሊቭላንድ ላይ 259 ስሞች ተጠሩ። ጃክሰን ከነዚያ ውስጥ አልነበረም። ዲትሮይት ተወልዶ ወንዙን ተሻግሮ ካናዳ ዊንዘር ውስጥ ያደገ ልጅ ነው፤ የቁመቱ ነገር መጀመሪያ ወደ ቅርጫት ኳስ ወስዶት ነበር። በኋላ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ ጨዋታዎችን በግራ ክንፍ ጀምሯል። አይዋ ደግሞ የመስመር ሰዎችን በማፍራት ስሙ የተጠራ ትምህርት ቤት ነው፤ ዋና አሠልጣኙ ከርክ ፌሬንትዝ ራሱ ከመስመር አሠልጣኝነት የመጣ ሰው ነው። በዚያው ቡድን፣ በዚያው መስመር፣ በቀኙ ክንፍ የነበረው ትሪስታን ዊርፍስ በ2020 በ13ኛ ተራ በታምፓ ቤይ ተጠራ። ከዓመት በኋላ የግራው ሰው ሰባቱ ዙር ሲያልቅ ስልኩን ይዞ ቁጭ ብሎ ነበር።

ለምን ታለፈ? መልሱ ከጃክሰን ይልቅ በመለኪያው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ክለቦች ተጫዋች የሚመዝኑባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ 40 ያርድ በስንት ሴኮንድ ሮጠ፣ 102 ኪሎውን ብረት ስንት ጊዜ ገፋ፣ ክንዱ ስንት ኢንች ነው፣ ከቆመበት ምን ያህል ይዘላል። በየዓመቱ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ይህ ልኬት በቴሌቪዥን ሳይቀር ይተላለፋል፤ በ2021 በኮቪድ ምክንያት ቀርቶ ክለቦች በየዩኒቨርሲቲው በተደረገ ልኬት ነው የሠሩት። አንድ ሰው እንዴት እንደሚሮጥ ለማወቅ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚለካው ልጁ ብቻውን ቆሞ ነው፤ መስመር ላይ ብቻውን የሚቆም የለም።

አጥቂው መስመር አምስት ሰው ነው። መሐል ላይ ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ የሚሰጠው ሴንተር፤ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፤ ከነሱ ውጭ ሁለት ታክሎች። ኳሷን ይዘው መሮጥ ልማዳቸው አይደለም፣ ወደ ፊት የተወረወረችውንም ለዳኛው አስቀድመው ካላስታወቁ በቀር መቀበል አይፈቀድላቸውም። ሥራቸው ኳሷን የያዘውን ኳርተርባክ መጠበቅ ወይም ለሯጩ መንገድ መክፈት ነው። ከጎጆ ቤት ማገር ጋር ይመሳሰላሉ፤ ምርጊቱ ከተለጠፈበት በኋላ ማንም አያየውም፣ ካልተሰነጠቀ በቀር።

የግራ ታክል ጣጣ ደግሞ የተለየ ነው። ኳርተርባኩ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ከሆነ፣ የራምሱ ማቲው ስታፎርድ እንደሆነው፣ ለመወርወር ሲዞር ግራው አይታየውም። ከዚያ በኩል የሚመጣውን ሰው የሚያየው ታክሉ ብቻ ነው። የሚመጣውም ዝም ብሎ የሚመጣ አይደለም። ለምሳሌ ከራምስ ጋር በአንድ ምድብ ያለው የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ኒክ ቦሳ በ2019 ከጠቅላላው ተጫዋች በ2ኛ ተራ የተጠራ፣ በ2023 የ170 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመ ሰው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይገጥመዋል። ታክሉ ኳሷ እንደተሰጠች ወደ ኋላ በሰያፍ ይንሸራተታል፤ ጉልበቱ ታጥፎ፣ ጀርባው ቀና ብሎ፣ እጁ ደረቱ ፊት ተዘጋጅቶ። ወደ ፊት የሚሮጠውን ሰው ወደ ኋላ እየሄዱ ማቆም ማለት ነው። ያለው ጊዜ ሦስት ሴኮንድ ቢሆን ነው፤ ግን እጁን ግማሽ ሴኮንድ ቀድሞ ከዘረጋ ሰውየው እጁን መትቶ ያልፈዋል፣ ከዘገየ ደግሞ ደረቱን ይሰጠዋል።

አጠገቡ ያለውም ጋርድ የራሱ ጣጣ አለበት። ሁለት ተከላካዮች መንገድ ተለዋውጠው ሲመጡ ታክሉ የያዘውን ለጋርዱ ሰጥቶ የጋርዱን መቀበል አለበት፤ ቃል የሚለዋወጡበት ጊዜ የለም፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ አይቶ ይገባዋል። ይህ በሩጫ ሰዓት አይለካም። ተመልካቹ ስለ አምስቱ የሚያወራው አንዱ ሲሳሳት ነው፤ መልማዩም ቢሆን በዩኒቨርሲቲው ፊልም ላይ የሚያየው ስህተት የአንዱ ይሁን የሌላው ሁልጊዜ ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ከሌላው ቦታ ይልቅ በመስመር ላይ አይቶ ማለፍ ይቀላል። የታለፉትም ተመልሰው የሚመጡት በዚህ በር ይመስለኛል።

ታሪኩ ይህን ሐሳብ ይደግፋል። በ1967 ከቤቱን ኩክማን የወጣው ጋርድ ላሪ ሊትል በድራፍት የጠራው አልነበረም፤ ሳንዲዬጎ ቻርጀርስ 750 ዶላር የመፈረሚያ ሰጥቶ ወሰደው፣ በኋላም ወደ ማያሚ ዶልፊንስ ላከው። ሴንተሩ ጂም ላንገር በ1970 ያልተጠራ ነበር፤ ክሊቭላንድ ወስዶ አሰናበተው፣ ማያሚ አነሣው። ሁለቱ ጎን ለጎን በቆሙበት በ1972 የውድድር ዘመን ዶልፊንስ 17 ጨዋታ አድርጎ 17ቱንም አሸነፈ፤ ያንን ያህል እስከ ዋንጫው ንጹሕ ሆኖ የጨረሰ ክለብ እስካሁን ሌላ የለም። የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም፣ ጥር 14 ቀን 1973 ነበር። ሁለቱም ዛሬ በዝና አዳራሽ ውስጥ ሐውልት አላቸው።

ከተከላካዩ መስመር ደግሞ ጆን ራንድል አለ። በ1990 ክለቦች ክብደቱ አንሷል ብለው ያልጠሩት ልጅ ነበር፤ ሚኒሶታ ሲመዘን ሚዛኑን ለማክበድ ልብሱ ውስጥ ሰንሰለት ደብቆ ነበር ይባላል። ኳርተርባክ በመጣል 137 ተኩል ሳክ አስመዝግቦ በ2010 ዝና አዳራሽ ገባ። ጄሰን ፒተርስ በ2004 ከአርካንሳው ሲወጣ ኳስ ተቀባይ ነበር፤ ሳይጠራ ቀርቶ ቡፋሎ ሲወስደው ታክል አደረገው፣ ዘጠኝ ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ፣ በ2023 በ41 ዓመቱም ማሊያ ለብሶ ነበር።

እነዚህን ስሞች ደርድሮ ማቆም ደስ ይላል። ግን እኔ እንዲህ ያለው ዝርዝር ያጠራጥረኛል። የአሜሪካ ስፖርት ጋዜጠኝነት ያልተጠራውን ልጅ ይወደዋል፤ ወደ ላይ የወጣውን አንዱን ይዞ የቀሩትን መቶዎች ይረሳል። ሒሳቡን እንሥራው። እያንዳንዱ ክለብ በበጋው ልምምድ 90 ሰው ይይዛል። ነሐሴ ሲያልቅ፣ እዚህ ፌርፋክስ ለእንቁጣጣሽ የጎዳና በዓል ሽር ጉድ ሲባል ማለት ነው፣ 53 ሰው ብቻ እንዲቀር ሕጉ ያስገድዳል። ከ32 ክለብ 1,184 ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ ያጣል። 16 16ቱ ፕራክቲስ ስኳድ በሚባለው የልምምድ ቡድን ተመልሰው ይቀጠራሉ። የቀሩት ስድስት መቶ ምናምን ሰዎች ወደ እናታቸው ቤት ይመለሳሉ።

የስንብቱ ሥርዓትም የራሱ ወግ አለው። ከክለቡ ቢሮ አንድ ሰው መጥቶ «አሠልጣኙ ይፈልጉሃል፣ ታብሌትህንም ያዝ» ይላል። ታብሌቱ የጨዋታ ስልቶቹ ያሉበት ነው፤ ዱሮ ወፍራም ደብተር ነበር። ይህን መልእክት የሚያመጣውን ሰው ተጫዋቾች ለብዙ ዘመን «ቱርኩ» ሲሉት ኖረዋል። የመጣበት ሰው ሁሉ ምን እንደመጣበት ያውቃል። ሥራ ከጠፋበት በኋላ ሌላ ክለብ ስሙን እንዲያነሣ 24 ሰዓት ይጠበቅለታል፤ ካልተነሣ ነጻ ነው፣ ነጻ ማለት ግን እዚህ ጥሩ ነገር አይደለም።

ኮልማን ሼልተን ይህን መንገድ ያውቀዋል። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ፓሳዴና ተወልዶ በሎስ አንጀለስ ሎዮላ ሁለተኛ ደረጃ ተማረ። ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሴንተርም፣ በጋርድም፣ በታክልም ተጫውቷል። የ2018 ድራፍት 256 ሰው ሲጠራ እሱን አለፈው። ሳን ፍራንሲስኮ ወሰደው፣ ነሐሴ ሲያልቅ አሰናበተው። አሪዞና አነሣው። በ2019 ራምስ ደረሰ። ለሦስት ዓመት የሌላ ሰው ተጠባባቂ ነበር፤ ሥራው የአምስቱን ቦታ ስልት ሁሉ አጥንቶ ማንም ቢጎዳ ገብቶ መሙላት ነው። በልምምድ ላይ ደግሞ ፊቱ የሚቆመው አሮን ዶናልድ ነበር፤ በ2014 በ13ኛ ተራ ተጠርቶ የዘመኑ ታላቅ ተከላካይ የተባለው። በየሳምንቱ ሐሙስ ከዶናልድ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው እሑድ የሚመጣበት ብዙም አያስደነግጠውም።

ሼልተን በ2022 ዋና ተሰላፊ ሆነ። ያ ዓመት ለመስመሩ ክፉ ነበር፤ ዋንጫ ባነሣ ማግሥት ራምስ 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ፣ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ በማግሥቱ ዓመት እንዲህ ወርዶ አያውቅም። አምስቱ ሰዎች በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ይቀያየሩ ነበር፤ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ይገባል፣ እሱም ይጎዳል። ተመልካቹ የስታፎርድን መውደቅ አየ። የወደቀው ግን መስመሩ ነበር።

ስለ ራምስ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሌስ ስኒድ የመጀመሪያ ዙር ዕድሎቹን በአብዛኛው ለታወቁ ኮከቦች እየሸጠ ከ2017 እስከ 2023 ድረስ በመጀመሪያው ዙር አንድም ሰው ሳይጠራ ኖሯል። ከኮከቦቹ ደመወዝ የተረፈው ገንዘብ ትንሽ ነበር። ቦታዎቹን የሚሞሉት በርካሽ የሚገኙ፣ ግን የማይወድቁ ሰዎች መሆን ነበረባቸው። በ2021 ድራፍት ክለቡ 9 ሰው ጠራ፤ ከአጥቂው መስመር አንድም አልነበረም። ሰባተኛው ዙር ባለቀ በደቂቃዎች ውስጥ የሚደረገው የስልክ ሽሚያ ለታለፈ ልጅ ያለው ብቸኛው የመምረጫ ጊዜ ነው፤ ወኪሉ የክለቦቹን ዝርዝር ፊቱ ዘርግቶ የት ሰው እንደሳሳ ይቆጥራል። ከ250 በኋላ ከተጠራው ልጅ ይልቅ ጨርሶ ያልተጠራው ይሻላል የሚሉ ወኪሎች ያሉት ለዚህ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ የተጠራው ልጅ አራት ዓመት ይታሰራል፣ ያልተጠራው ሦስት ብቻ። ጃክሰን ከራምስ ጋር ፈረመ።

የዚያን ዓመት የአዲስ ገቢ ዝቅተኛ ደመወዝ 660,000 ዶላር ነበር። ለእኛ ለሰሚዎቹ ብዙ ነው። ነገር ግን ዋስትና የለውም፤ ክለቡ ጥቅምት ላይ ካሰናበተው የኅዳሩን አያገኝም። በልምምድ ቡድን የቀረ ደግሞ በሳምንት 9,200 ዶላር ነበር የሚከፈለው፣ እሱም እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ድረስ ብቻ። የተጫዋቾች ማኅበሩ አማካዩ የሙያ ዘመን ሦስት ዓመት አልፎ ትንሽ ነው ይላል። ጡረታ ለማግኘት የሚያስፈልገውም ሦስት የተቆጠሩ ዓመታት ናቸው። ብዙዎች ከሦስተኛው ዓመት አፋፍ ላይ ይወድቃሉ።

ጃክሰን አልወደቀም። ሊትል ኢትዮጵያን በደቡብ ከሚዘጋው መንገድ ጋር ስሙ የሚገጥመው አንድሩ ዊትዎርዝ የራምስ የግራ ታክል ነበር። ግጥምጥሞሽ ነው፤ መንገዱ ከተጫዋቹ ጋር የሚያገናኘው ምንም የለም፣ ግን ሰፈር ውስጥ ስለ ራምስ ሲወራ ሳይነሣ አይቀርም። ዊትዎርዝ የካቲት 13 ቀን 2022 ሶፋይ ላይ ሲንሲናቲን 23 ለ 20 አሸንፈው ዋንጫ ሲያነሡ 40 ዓመቱ ነበር። በዚያው አበቃ። ጃክሰን ያኔ ገና የመጀመሪያ ዓመቱን የጨረሰ የቡድኑ አባል ነበር። የአይዋው ጓደኛው ዊርፍስም በመጀመሪያ ዓመቱ፣ ከዚያ በፊት ባለው ዘመን፣ ከታምፓ ጋር ዋንጫ አንሥቷል። አንዱ በ13ኛ ተራ የተጠራ፣ ሌላው ጨርሶ ያልተጠራ፣ ሁለቱም የሻምፒዮንነት ቀለበታቸውን በ1ኛ ዓመታቸው አገኙ።

የዊትዎርዝን ቦታ የወረሰው ጆ ኖትቡም በ2022 ጥቅምት ላይ ጅማቱ ተበጠሰ። ጃክሰን ገባ። ብዙም ሳይቆይ ኅዳር ላይ ሐኪሞች ደሙ መርጋቱን አገኙ። ደም የረጋበት ሰው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል፤ ያን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ቢመታ ደሙ በቀላሉ አይቆምም፣ ስለዚህ 150 ኪሎ ከሚመዝን ሰው ጋር በየቀኑ መጋጨት አይችልም። የዓመቱ ጨዋታ አበቃለት። በ2023 ተመልሶ የግራውን ክንፍ ያዘ፤ የሚለብሰው 77 ቁጥርም የዊትዎርዝ የነበረው ነው።

ያንን የ2023 መስመር እወደዋለሁ። ከግራ ወደ ቀኝ፦ ጃክሰን፣ ያልተጠራ። ስቲቭ አቪላ፣ በ2ኛ ዙር የተጠራ አዲስ ገቢ። መሐል ላይ ሼልተን፣ ያልተጠራ። ኬቪን ዶትሰን፣ ፒትስበርግ ከጠገበው በኋላ የተገኘ። ሮብ ሃቨንስታይን፣ ከ2015 ጀምሮ የነበረ አሮጌ ሰው። ከአምስቱ ሁለቱን ማንም አልጠራቸውም። ከኋላቸው ካይረን ዊልያምስ በ12 ጨዋታ ብቻ 1,144 ያርድ ሮጠ፣ በ5ኛ ዙር የተጠራው ፑካ ናኩዋ በ1,486 ያርድ የአዲስ ገቢ ተቀባዮችን ሪከርድ ሰበረ። ጋዜጦቹ ስለነዚህ ሁለቱ ጻፉ፤ ትክክል ነው፣ ኳሷ ያለችው እነሱ ጋ ነው። በጥር 2024 በዲትሮይት፣ ጃክሰን በተወለደባት ከተማ፣ በአንድ ነጥብ ብቻ 24 ለ 23 ተሸንፈው ወጡ።

ከዚያ ገንዘቡ መጣ፣ ቀስ ብሎ። ሼልተን ውሉን ትቶ ለ2024 ወደ ቺካጎ ሄደ። ጃክሰን ሦስት ዓመቱ ስላለቀ ክለቡ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የአንድ ዓመት ክፍያ ሰጠው፤ የዘመኑ መክፈቻ ላይ ግን የሊጉን የሥነ ምግባር ደንብ በመጣሱ 2 ጨዋታ ታገደ። ተመልሶ ቦታውን ያዘ። በየካቲት 2025 ከራምስ ጋር የሦስት ዓመት ውል ፈረመ፤ ከ57 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ 35 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው። ማስተዋል ያለብን ይህ ብዙ ገንዘብ መሆኑን ብቻ አይደለም። ዊርፍስ በ2024 የፈረመው የአምስት ዓመት ውል ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከአንድ መስመር የወጡ ሁለት ታክሎች ናቸው፤ የዊርፍስ ችሎታ ይበልጣል፣ ያንን አልከራከርም። ግን ጃክሰን ወደ ድርድሩ ጠረጴዛ ለመድረስ የከፈለውን ሦስት የዝቅተኛ ደመወዝ ዓመታት ክለቡ አትርፎባቸዋል። ያልተጠራ ልጅ ለሊጉ ተአምር አይደለም፤ ርካሽ ሠራተኛ ነው፣ ሊጉም ያውቀዋል።

«እና የእኛ ልጅ ይግባበት ነው የምትለኝ?» አሉ ሌላ እሑድ አንዲት እናት፣ 15 ዓመት የሞላው ልጃቸው ለትምህርት ቤቱ ጋርድ ሆኖ የሚጫወት። ልጃቸው ትከሻው ሰፊ ነው፤ አሠልጣኙ ወዶታል።

መልስ የለኝም፤ የማውቀውን ግን ነገርኳቸው። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሞቱ የሊጉ ተጫዋቾች የተለገሱ 111 አንጎሎችን መርምረው በ110ሩ ላይ ሲቲኢ የሚባለውን ቀስ በቀስ የሚያደክም የአንጎል ጉዳት አግኝተዋል። አንጎሉን የለገሱት ቤተሰቦች በሕይወት ሳለ ምልክት ያዩ ስለሆኑ ቁጥሩ ስለ ሁሉም ተጫዋች አይናገርም፤ ግን ከተመረመሩት ትልቁን ድርሻ የያዙት የመስመር ሰዎች ነበሩ። ሯጩ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ይመታል። የመስመሩ ሰው በያንዳንዱ ኳስ ትንሽ ትንሽ ይመታል፤ በጨዋታ ስልሳ ሰባ ጊዜ፣ በልምምድም ይደገማል። ሊጉ በፍርድ ቤት ያጸደቀው የቀድሞ ተጫዋቾች ካሣም ከቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ነው።

እናትየው ዝም ብለው ሰሙኝና «ሰውነቱን ለማግዘፍም ሌሊት እየተነሣ ይበላል» አሉ። ይህም እውነት ነው። ሜዳውን ሲለቁ ብዙዎቹ ሰላሳ አርባ ኪሎ ይቀንሳሉ፤ ለዓመታት ሳይርባቸው መብላት ሥራቸው ነበር።

ልጁ በበኩሉ የኮልማን ሼልተንን የሎዮላ ዘመን ፊልም ስልኩ ላይ አስቀምጧል። ለምን ኮከብ ኳርተርባክ እንዳልመረጠ ጠየቅሁት። «እሱ እኔ የምቆምበት ነው የቆመው» አለኝ።

በሰኔ 2025 የጃክሰን ደም ዳግመኛ መርጋቱ ተነገረ፤ የፈረመው ውል ገና አራት ወሩ ነበር። ዋስትናው ይህን ጊዜ በወረቀት ላይ አለ፤ በ2022 ቢሆን ኖሮ አይኖርም ነበር። መስከረም ሲገባ ግን ሜዳ ላይ ተገኘ። መሐል ላይ ደግሞ ከቺካጎ የተመለሰው ሼልተን ቆመ። በሁለቱ መካከል ያለውን ቦታ አቪላ ያዘ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ግሪን ቤይ ላይ በተደረገው ድራፍት 257 ስሞች ተጠርተው ነበር። ራምስ 6 ሰው ወሰደ፦ ኳስ ተቀባዮች፣ አንድ ሯጭ፣ ተከላካዮች። ከአጥቂው መስመር አንድም አልጠራም። ቅዳሜ ሰባተኛው ዙር እንዳለቀ የስልኩ ሽሚያ ተጀመረ።